አንድ ስልክ፣ አንድ ስም

«አርባ አንድ ሰው በአንድ ስልክ?»

ኔድያልካ ቦኔቫ መነጽሯን አውልቃ በሸሚዟ ጫፍ ጠረገችና እንደገና ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ አለች። ያው ነው። አርባ አንድ ስም፣ አንድ የስልክ ቁጥር። ከእያንዳንዱ ስም ጎን በቀይ፦ «አልተቀበልንም።»

«አየሽው አይደል አክስቴ?» አለች ክሬመና ከስልኩ ማዶ። ክሬመና የእህቷ ልጅ ናት። ሶፊያ ተቀምጣ የአክስቷን መጻሕፍት በስልክና በታብሌት እንዲነበቡ የምታሰናዳው እሷ ናት። «ማሽኑ አጭበርባሪ ናችሁ ብሎናል። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አርባ ስም የፈጠረ ነው የመሰለው።»

«ቁጥሩ የማን ነው?»

«እኔ ምን አውቄ። መጨረሻው ሰባ ሰባት ይላል።»

ኔድያልካ ወዲያው አወቀችው። «የጻንኮ ነው። ትሮሊ ባስ ይነዳ የነበረው፤ አሁን የሕንጻቸው አስተዳዳሪ ሆኗል። በሕንጻው መግቢያ ሁለት የሚኖሩት በሙሉ በሱ ስልክ ተመዝግበዋል ማለት ነው።»

«ለምን ብለው?»

«የቆጣቢዎቹ ከተማ፣ የጋብሮቮ ልጅ ሆነሽ ለምን ትያለሽ? ለመቆጠብ ነዋ!»

ክሬመና ሳቀች፤ ሳቋ ግን ብዙ አልቆየም። «ሳቁ ይቆየን። እስከ አስራ አንድ ሰዓት ካልላክነው የሻጮቹ የመጸው መጻሕፍት ዝርዝር ይዘጋል። ከዚያ በኋላ በሚቀጥለው ጸደይ ነው። አንቺ ደግሞ እስከ ጸደይ የቢሮውን ኪራይ እየከፈልሽ አትቆዪም። እባክሽ ስሞቹን እናውጣቸው። በስልክ ላይ የመጨረሻውን ገጽ ማን ያየዋል?»

ኔድያልካ የስሞቹን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች አየችው።

ማን ያየዋል ይባላል? እዚያ አገር ከቅድመ አያት የወረደ ልማድ ነው፤ መጽሐፍ ሳይታተም ዋጋውን አስቀድሞ የከፈለ ሰው ስሙ በመጨረሻው ገጽ ላይ ይሰፍራል። ኔድያልካ ያሳተመቻቸው ሰማንያ ስድስት መጻሕፍት ሁሉ የወጡት እንዲህ ነው። የጋብሮቮ ሰው መጽሐፉ እጁ ሲገባ ከኋላ ነው የሚጀምረው። መጀመሪያ የራሱን ስም ይፈልጋል፤ ቀጥሎ የጎረቤቱን። የጎረቤቱ ከሌለ «ወይ ስስት!» ይልና መጽሐፉን ያውሰዋል። ሰማንያ ሰባተኛው መጽሐፍ ግን ወረቀት የለውም። የከተማው ማተሚያ ቤት ማሽኑን አምና ለብረት ገዢ ሸጦ ዘጋ፤ ሌላ ከተማ ሄዶ ማሳተም ደግሞ አቅም ይጠይቃል። መጽሐፉ የከተማውን የሱፍ ፋብሪካ የሚያስታውስ ነው። የሶፊያው ሻጭ ድርጅት «ቺካጎ ላለውም፣ ለንደን ላለውም የአገራችሁ ሰው እናደርሰዋለን» ብሎ ተቀብሎታል። ያስቀመጠው ግዴታ አንድ ብቻ ነው፦ ስሙ የሚወጣ ሰው ሁሉ በገዛ ስልኩ ለሚደርሰው መልእክት «አዎ፣ እኔ ነኝ» ይበል። አንድ ስልክ፣ አንድ ስም።

በሩ ተንኳኳ። ባይ ጌንቾ ራዴቭ ነበሩ፤ ባርኔጣቸውን ይዘው፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ሳህን ታቅፈው ገቡ። «ባይ» እዚያ «ጋሼ» እንደ ማለት ነው። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ በዚያው በሱፍ ፋብሪካ መካኒክ ነበሩ።

«ባኒጻ ነው» አሉ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ እያኖሩ። «እኔው ነኝ የጋገርኩት፤ አይብ ቆጥበሃል ብለሽ እንዳትስቂብኝ።»

«ኧረ ምን በወጣኝ! ቁጭ ይበሉ ባይ ጌንቾ።»

«አልቀመጥም። ለአንድ ጥያቄ ነው የመጣሁት።» ባርኔጣቸውን በእጃቸው አሽከረከሩት። «ዶብሪና አለች?»

ሰው ቤት ሄዶ «እገሌ አለች?» እንደሚባለው ነው የጠየቁት። ዶብሪና ሚስታቸው ናት። ሰላሳ አንድ ዓመት በዚያ ፋብሪካ ክር ስትቀጥል ኖራለች። በጥር፣ ከሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና፣ የመጽሐፉን ዋጋ በጎረቤት እጅ ላከች። በየካቲት ሞተች።

«ከሰማንያ ስድስቱ ያልገባችበት የለም» አሉ ባይ ጌንቾ። «እሷ ከላይ፣ እኔ ከሥሯ። ይሄኛው ደግሞ የራሷ ፋብሪካ ነው። ስትከፍል ነርሷን ምን አለቻት መሰለሽ? ‹መጽሐፉን ባላነብበው እንኳን ልገኝበት።›»

ኔድያልካ የኮምፒውተሩን ስክሪን ቀስ ብላ ወደ ግድግዳው አዞረችው። «አንድ ጣጣ አለ» አለች። «ከጻንኮ ጋር መነጋገር አለብኝ። አብረን እንሂድ?»

«ጻንኮ ካለበትማ ጣጣው ትንሽ አይደለም።»

በያንትራ ወንዝ ዳር ሽቅብ ሄዱ። ነሐሴ ነው፤ ከየበረንዳው የሚጠበስ ቀይ ቃሪያ ይሸታል። የመግቢያ ሁለት በር ላይ የዶብሪና የሙት መታሰቢያ ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ ፎቶዋ፣ ከሥሩ «ስድስት ወር ያለ አንቺ»። ባይ ጌንቾ በሩን የከፈቱት ወረቀቱን ላለመንካት ከታች በኩል ገፍተው ነው።

ጻንኮ አንደኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ቆሞ አምፖል ይቀይራል።

«ጻንኮ!» አለች ኔድያልካ። «ውረድ፤ አርባ ሰው አጭበርባሪ አስብለሃል!»

«እኔ?» አምፖሉን እንደያዘ ወረደ። ነገሩን ስትነግረው ፊቱ ቀላ። «እኔ ምን አጠፋሁ? የኔ ስልክ መልእክቱ ያልተገደበ ነው። የተከፈለበትን ነገር አለመጠቀም ኃጢአት ነው።»

አንድ በር ተከፈተና ሳብካ ብቅ አለች፤ መሐረብ አስራለች፣ እጇ እስከ ክርኗ በቃሪያ ቀልቷል። «ምንድነው የምትጮኹት? ስማችን አልወጣም እንዴ?»

«ይሄ አስተዳዳሪሽ ያመጣው ነው» አለች ኔድያልካ።

«እኔማ ብያለሁ! ብያለሁ!» አለች ሳብካ።

«አንቺ ነሽ እኮ ሳብካ!» አለ ጻንኮ። «‹ሁላችንም በአንድ ከሆነ ቅናሽ ይኖረዋል› ያልሽው ማን ነው? እኔ ነኝ?»

«እኔ ያልኩት ስለ ቃሪያው ነው! ቃሪያ በአንድ ጆንያ እንግዛ ነው ያልኩት! ነገር ማደባለቅ ልማድህ ነው፤ ትሮሊ ባስም ስትነዳ ያው ነበርክ፣ ሆስፒታል እንሄዳለን ስንል ገበያ ታወርደን ነበር።»

ጩኸቱን የሰማ ሁሉ ወደ ደረጃው ወጣ። በአንድ አፍታ ደረጃው ላይ መቆሚያ ጠፋ። ኔድያልካ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ወጥታ እጇን አነሳች። «የራሱ ስልክ የሌለው ማን ነው?»

ከሽርጥ ኪስ፣ ከሸሚዝ ኪስ፣ ከአንዷም ከጡት መያዣዋ ስልክ ወጣ። ሁሉም አለው።

«ታዲያ ምን ነካችሁ?»

«መልእክቱ ያስከፍላል ተባልን» አለ አንዱ ከኋላ።

«ማን አለ?»

ሁሉም ጻንኮን አየ፤ ጻንኮ ደግሞ አምፖሉን።

ኔድያልካ ሰዓቷን አየች፤ ዘጠኝ ተኩል። ለክሬመና ደወለችና ስሞቹን አንድ በአንድ፣ ከየራሳቸው ቁጥር ጋር ታስጽፋት ጀመር። ክሬመና ሶፊያ ሆና ትጽፋለች፤ እዚህ ስልክ ይጮኻል፤ ባለስሙ መነጽሩን ፍለጋ ቤቱ ሮጦ ይመለሳል። ሳብካ በመልእክቱ ላይ ያለውን «አዎ» ብትጫን ብትጫን አልሆነላትም።

«ጣቴን አልቀበል አለ! እኔንም ማሽኑ ጠላኝ!»

«ቃሪያውን ታጠቢው እንጂ አንቺ ሴትዮ፤ ያቃጥለዋል እኮ ስልኩን!» አለ ጻንኮ። ደረጃው በሙሉ ሳቀ። ሳብካ ታጥባ መጣችና ተሳካላት፤ ስልኩን ከፍ አድርጋ ለሁሉም አሳየች፣ ሎተሪ የደረሳት ይመስል። አንድ ሽማግሌ ስሙ ሲጻፍ «መሐንዲስ» የሚለው ካልተጨመረ አልስማማም ብሎ አስቸገረ። ኋላ ጎረቤቱ «መሐንዲስ ማለት ትርፍ ቀለም ነው» ቢለው ተወው።

ባይ ጌንቾም ተራቸው ደርሶ ተጫኑ። ከዚያ ከመስኮቱ ሥር ባለው ወንበር ተቀምጠው የሌሎቹን ማየት ያዙ። ኔድያልካ በየመሃሉ ዓይኗ እሳቸው ላይ ያርፋል።

ለአስራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ክሬመና እንዲህ አለች፦ «አክስቴ፣ ጨርሰናል። አርባው አረንጓዴ ሆኗል። አንዷ ቀርታለች፤ ዶብሪና ራዴቫ። ቁጥር ስጪኝ ወይም ላውጣት።»

ስልኩ ድምፁ ከፍ ብሎ ስለነበር ደረጃው በሙሉ ሰማ። ሳብካ «አይ ዶብሪና» አለች፤ ድምጿ ወርዶ።

ኔድያልካ ወደ ባይ ጌንቾ ሄዳ ከጎናቸው ጎንበስ አለች። «ስልኳ ባይ ጌንቾ? ቤት ካለ አሁኑኑ ላምጣው።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አዩ። «መጋቢት ላይ ዘጋሁት» አሉ። «በየወሩ ይቆርጡበት ነበር። የማይነሳ ስልክ ላይ ምን ብዬ ልክፈል አልኩና ሄጄ ፈረምኩ። ልጅቷ ‹እርግጠኛ ነዎት?› ብትለኝ እንኳን ‹አዎን፣ ዝጊው› አልኳት።» የባርኔጣቸውን ጠርዝ ዳሰሱ። «አንድ ሻይ የማይገዛ ገንዘብ ነበር።»

ማንም አልሳቀም። በዚያ ሕንጻ ውስጥ እሳቸው ያደረጉትን የማያደርግ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ያውቃል።

«የሞተ ሰው እኮ...» ብሎ ጀመረ ጻንኮ።

«ዝም በል አንተ» አለች ሳብካ።

ባይ ጌንቾ ስልካቸውን አውጥተው ለኔድያልካ ዘረጉላት። «የኔን አውጪው። በዚህ ቁጥር እሷን አስገቢያት። እኔን ማየት የፈለገ እዚሁ ወንበር ላይ ያየኛል፤ እሷ ነች የትም የሌለችው።»

ኔድያልካ ስልኩን ተቀበለች፤ እጇ ውስጥ ያዘችው እንጂ አልከፈተችውም። ሰማንያ ስድስት ጊዜ ያረመችው ገጽ ታያት፦ ራዴቫ፣ ዶብሪና። ከሥሯ ራዴቭ፣ ጌንቾ። አንድም ቀን ሁለቱን የለየ መጽሐፍ አላወጣችም። አሁን አንዱን ሌላው አስወጣው የሚል ገጽ በሷ እጅ ሊወጣ ነው።

«አክስቴ፣ ሰባት ደቂቃ» አለች ክሬመና። «እባክሽ።»

ስልኩን ለባይ ጌንቾ መለሰችላቸው። «ይሄ በቦታው ይቆያል» አለቻቸው። ከዚያ ወደ ራሷ ስልክ ዞራ፦ «ክሬመና፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ ማን አለ?»

«አንቺ ነሻ። አሳታሚዋ። ሁልጊዜ አንቺ አይደለሽ?»

«አጥፊው።»

«ምን?»

«ስሜን አጥፊና በኔ ቁጥር ዶብሪናን ጻፊ። ቦታዋ ግን ከጌንቾ በላይ ይሁን።»

«አክስቴ፣ ያንቺ መጽሐፍ እኮ ነው! ማን አሳተመው ሊባል ነው?»

«ሽፋኑ ላይ የአሳታሚው ቤት ስም አለ፤ ይበቃኛል። ጻፊ ልጄ፣ ሰዓቱ ሄደ።»

ባይ ጌንቾ ከወንበሩ ሊነሱ ሞከሩ። «ይሄማ አይሆንም ኔድያልካ...»

«ይቀመጡ ባይ ጌንቾ። ባኒጻዎን እበላለሁ፣ ዕዳ የለብንም።»

ከማዶ የክሬመና ጣቶች ሲሮጡ ተሰማ። ስልኩ ኔድያልካ እጅ ውስጥ ነዘረ። መልእክቱን ከፈተችው። ጽሑፉ አጭር ነበር፦ «ዶብሪና ራዴቫ እርስዎ ነዎት?» ከሥሩ ሁለት ሣጥን፤ አንዱ «አዎ»፣ ሌላው «አይደለሁም»።

ኔድያልካ በዚህ ሥራ ሰላሳ ሦስት ዓመት ኖራለች። አንድ ዓመተ ምሕረት ተሳስቶ ወጣባት ብላ ሁለት መቶ ቅጂ በእጇ ያረመች ሴት ናት፤ አውቃ ሐሰት ወደ መጽሐፍ አስገብታ አታውቅም። ጣቷ ከሁለቱ ሣጥኖች በላይ ቆመ። ሳብካ በትከሻዋ በኩል አጮልቃ አንብባው ነበር።

«አክስቴ?» አለች ክሬመና።

ኔድያልካ ባይ ጌንቾን አላየቻቸውም። ጣቷን በሸሚዟ ላይ ጠረገችና «አዎ» የሚለውን ተጫነች።