ሦስተኛ ፎቅ ተቀጣሪ፣ አራተኛ ፎቅ ነጋዴ

ጠዋት ጠዋት የጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ናት። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሳሎኗ ውስጥ መጋረጃ ትሰፋለች። ስፌቱን የጀመረችው ሆዷ ገፋ ሲል ነው፤ ልጅ ሲመጣ የግማሽ ቀን ደመወዝ የትም እንደማያደርስ ገብቷታል። ችግሯ አንድ ነው፦ ሕግ አክባሪ ናት። ማንም ሳይጠይቃት፣ ማንም ሳያስፈራራት፣ በገዛ እግሯ ሄዳ በነጋዴነት ተመዘገበች።

«ማን ግድ አለሽ?» አሏት አማቷ።

«ሕጋዊ ልሁን ብዬ ነው፣ እማዬ።»

«እሰይ! ሕጋዊ ሰው ሲያልፍለት ለማየት ያብቃኝ።»

ግብር ሰብሳቢው ቢሮና የወሊድ ክፍያ የሚሰጠው ቢሮ፣ ሕዝብ እንዳይንገላታ ተብሎ፣ አንድ ሕንፃ ላይ ናቸው። ሊፍቱ ግን ከተበላሸ ቆይቷል። መቼም ነፍሰ ጡር እንቅስቃሴ ያስፈልጋታል።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክራባታም ሰውዬ ተቀበላት። ጀማሪ ነጋዴ የመጀመሪያውን ዓመት ግብር እንደማይከፍል የሚገልጽ ማስታወቂያ ከጀርባው ተለጥፏል።

«እሱ ለነጋዴ ነው፣ እህቴ» አላት፣ ዞር ብሎ እንኳ ሳያየው። «አንቺ ደመወዝተኛ ነሽ። ተቀጣሪ ነጋዴ አይባልም።»

ወደ አራተኛ ወጣች። እዚያ ያለችው ሴትዮ አበባዋን ውሃ አጠጥታ እስክትጨርስ በትሕትና ቆማ ጠበቀች።

«የወሊድ ክፍያ ለተቀጣሪ ነው» አለች ሴትዮዋ። «አንቺ በነጋዴነት ተመዝግበሻል።»

«ከደመወዜ እኮ በየወሩ ለዚሁ ተብሎ ይቆረጥብኛል!»

«አይተነዋል። በአቆራረጡ ላይ ምንም ስህተት የለም።»

መልሳ ወረደች። ክራባታሙ አዘነላትና ወደ አራተኛ ላካት። የአራተኛዋም አዘነችላትና ወደ ሦስተኛ መለሰቻት። በዚህ ሁሉ አዛኝ መሀል ሳምንቱን ሙሉ ስትመላለስ እግሯ አብጦ ጫማ እምቢ አላት። ባሏ እግሯን እያሸ «ይቅርብሽ፣ ተያቸው» ቢላት በእልህ አለቀሰች።

በማግስቱ አማቷ ጃንጥላቸውን ይዘው አብረዋት ሄዱ። ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ሲወጡ ትንፋሽ አጠራትና ደረጃው ላይ ዘጭ አለች። አማቷ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች እያዩ ጮኹ።

«ኧረ የሰው ያለህ! ምጥ ያዛት! እዚሁ ልትወልድባችሁ ነው!»

«እማዬ፣ ምን ነካዎት? ምንም አልያዘኝም እኮ!» አለች በሹክሹክታ።

«ዝም ብለሽ አቃስቺ!»

ክራባታሙ ከታች፣ ባለአበባዋ ከላይ እየሮጡ መጡ።

«የማን ባለጉዳይ ናት?» አለ እሱ።

«የእናንተ ናት። ነጋዴ ናት።»

«ኧረ ተቀጣሪ ናት!»

አማቷ ጃንጥላቸውን መሀላቸው ሰነዘሩ። «እንግዲህ አንተ ተቀጣሪ ናት ካልክ፣ ለእሷ ንገራትና ትክፈላት። አንቺም ነጋዴ ናት ካልሽ፣ ለእሱ ንገሪውና ግብሩን ይተውላት። እኔ ልጅ አዋልጄ አላውቅም። ከሁለታችሁ ማን ነው የሚይዛት?»

ሁለቱ ተያዩ። ስንት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ሲሠሩ ሰላም ተባብለው አያውቁም። አሁን ግን የሚያዋልደውን ከመምረጥ መስማማቱ ቀለላቸው። ለካ ሰው ግማሽ ቀን ተቀጣሪ፣ ግማሽ ቀን ነጋዴ መሆን ይችላል! እንዲያውም መመሪያው ውስጥ ድሮም ነበረ፤ የሚያነበው ጠፍቶ ነው እንጂ።

ልጅቷ በሰላም ተወለደች፤ ሆስፒታል ውስጥ። ግብሩ ቀረላት። የወሊድ ክፍያውም «በአስቸኳይ» ተፈቀደ፤ እጇ የገባው ሕፃኗ መዳህ ስትጀምር ነው። እስከዚያ ልጅቷ ባንቀላፋች ቁጥር መጋረጃ እየሰፋች ቆየች። ገንዘቡ ሲመጣ ደስ አላት፤ ንዴቷ ግን አልበረደም።

በቀደም ፀጉር ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ጎረቤቷ፣ እሷም እርጉዝ ናት፣ በትርፍ ጊዜዋ ቤቷ ሥራ ልትጀምር አስባ ምክር ጠየቀቻት።

«ተመዝገቢ» አለቻት። «ሕጋዊ መሆን ጥሩ ነው። ብቻ፣ አማት አለሽ?»