የላይኛው አልጋ

በዚያ ክረምት ዝናቡ ገና ከመግቢያው በረታ። ጡብ የሚያደርቅ ፀሐይ ጠፋ። ጠዋት የተደረደረው ጡብ ከሰዓት በኋላ ጭቃ ሆኖ ይገኛል። ገዢ ቀረ። ሁለቱ ሠራተኞች ሌላ ሥራ ፍለጋ ሄዱ። ጡብ ሠሪው ብቻውን ቀረ። አንድ ቀን ምድጃውን ከዝናብ ለመከለል ቆርቆሮ ሲያስተካክል የራሰው ግድግዳ ተናደበት። ጎረቤት ተጠራርቶ አወጣው። እስከ ማታ አልቆየም። ሲቀበርም ይዘንብ ነበር። ሚስቱ ቆርቆሮውን ሸጠች፤ ቀጥላ ምድጃውን አፍርሳ ጡቡን ሸጠች። ክረምቱ ሲወጣ ቤቱ ውስጥ እናትና አንድ ልጅ ብቻ ነበሩ።

ልጁ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ከቀብሩ በኋላ አልጋው ላይ መሽናት ጀመረ።

እናትየው አልተቆጣችም። ጠዋት ጠዋት ፍራሹን በጓሮ በር አውጥታ ታሰጣለች፤ ሰው ከመጣ አንሶላ ጣል ታደርግበታለች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ "ይተውሃል የኔ ልጅ፤ ሐዘን ነው" አለችው። ከዚያ ወዲያ ነገሩ በቤቱ ውስጥ አልተነሣም። ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ትምህርት ቤት ሲሄድ ሌላ ሰው ነው። በእንጨት ሥራ ክፍል አንደኛ የሚወጣው እሱ ነው። የክፍሉም አለቃ ስለሆነ ልጆቹ "አለቃ" ይሉታል። አይስቅም፣ አያስቅም። መምህሩ ወጥቶ ሲመለስ ማን እንደረበሸ ይናገራል። ብዙ ጊዜ የሚናገረው በአንድ ልጅ ላይ ነው። ያ ልጅ የአናጺ ልጅ ነው፤ አጭር፣ ለፍላፊ፣ መጋዙን ይዞ ከመሥራት መጋዙን ይዞ ማውራት የሚቀናው። በአለቃ የተነሣ ስንት ቀን ወርክሾፑን ብቻውን ጠርጓል። ግን ቂም አያውቅም።

"አለቃ፣ ዛሬ አልከሰስከኝም። አሞሃል እንዴ?" ይለዋል።

በዓመቱ ከአውሮፓ አንድ የሙያ ትምህርት ቤት ለክፍሉ ተማሪዎች የጥሪ ደብዳቤ ላከ። ሁለት ሳምንት አብረው ሊሠሩ ነው። ከመካከላቸው አገር ለቆ የሚያውቅ አልነበረም። ልጆቹ ጠረጴዛ እየደበደቡ ጨፈሩ። መምህሩም፣ "እዚያ አዳራሽ ውስጥ በእኛ ስም የሚናገረው አለቃ ነው" አለ።

አለቃ ማታ ለእናቱ "አልሄድም" አላት።

"ለምን?"

ወደ ጓሮው በር ዞር አለ። እሷም መልሱን አላጣችውም።

"ትሄዳለህ" አለችው። "አባትህ ያቺን ምድጃ ሲጠብቅ ነው የሞተው። አንተ ደግሞ ፍራሽ ስትጠብቅ አትኖርም።"

ሻንጣውን ራሷ አዘጋጀች። ከታች፣ ከልብሱ ሥር፣ በአልጋ ልክ የተቆረጠ ላስቲክ አጥፋ አስቀመጠችለት።

አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ፈታሹ ሻንጣውን ክፈት አለው። ልብሱን አነሣ፣ ላስቲኩን አገኘ፣ በሰው ሁሉ ፊት ዘረጋው። ከኋላ የተሰለፉት ልጆች አንገታቸውን አሰገጉ።

"አለቃ ድንኳን ይዞ ነው እንዴ የመጣው?" አለ ድንቡሼ። ድንቡሼ የሚሉት በጉንጩ ነው።

"ለዝናብ ነው" አለ አለቃ።

"እውነቱን ነው" አለ የአናጺው ልጅ። "አንደኛ የሚወጣ ተማሪ በላስቲክ ተጠቅልሎ ነው የሚላከው። እኛን ቢሆን በጆንያ ነው የሚልኩን።"

ሁሉም ሳቁ። አለቃ ላስቲኩን ጠቅልሎ በብብቱ ያዘ። ቀጥሎ መጸዳጃ ቤት ገብቶ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከተተው፤ እንዳይታይም ወረቀት አለበሰው።

ያረፉት በትምህርት ቤቱ የተማሪዎች ማደሪያ ነው። ክፍሉ ጠባብ ነው። ሁለት ተደራራቢ የብረት አልጋ፣ አራት ቁም ሣጥን፣ አንድ መስኮት አለው። ፍራሹ ስስ ነው፣ አንሶላው ነጭ። አለቃ የታችኛውን ፈልጎ ነበር። የአናጺው ልጅ ቀደመው።

"ከፍታ ያዞረኛል፣ ወንድሜ። አንተ ሹመት የለመድክ ነህ፤ ውጣ ከላይ።"

እንቀያየር ቢል ለምን መባሉ አይቀርም። ወጣ። በሌላው አልጋ ድንቡሼና አንድ እንቅልፋም ልጅ ተኙ።

በየቀኑ ከምሳ በኋላ ውኃ በአፉ አይዞርም። ሌሊቱን ራሱን እየቆነጠጠ ቁጭ ብሎ ያሳልፋል፤ ቀን በወርክሾፑ ውስጥ ቆሞ ያንቀላፋል። መላጊያውን ይዞ እንደቆመ ዓይኑ ይከደናል። የአናጺው ልጅ በክርኑ ጎሸም አድርጎ፣ "አለቃ፣ እንዳልከስህ" ይለዋል። በሦስተኛው ቀን የእንጨት ፋብሪካ አዩ። ብዙ ቆሙ፣ ብዙ ተራመዱ። ምላሱ ከላንቃው ተጣበቀ። ማታ ማደሪያው ምግብ ቤት ውስጥ አንድ ብርጭቆ ውኃ አነሣ። ጨለጠው። ደገመ። አልጋው ላይ ቁጭ ለማለት ወጣ፤ ጀርባው ግድግዳውን ሲነካ ግን ተሸነፈ።

ሲነቃ መስኮቱ ነጥቷል። ዓይኑን ሳይገልጥ አወቀው። እግሩ ቀዝቅዟል። ከሥሩ ጠብ፣ ጠብ የሚል ድምፅ ይሰማል። ብርድ ልብሱን በራሱ ላይ ሳበ።

"አለቃ" አለ ከታች በሹክሹክታ የአናጺው ልጅ። "አለቃ፣ ያንጠባጥባል።"

መሰላሉ ሲንቋቋ ሰማ። ብርድ ልብሱ ከፊቱ ተገለጠ። የአናጺው ልጅ አንሶላውን አየ፣ አለቃን አየ። አለቃ ሳቁን ጠበቀ። ያ በሁሉ የሚስቅ ልጅ አልሳቀም።

"ውረድ።"

"ተወኝ።"

"ውረድ እልሃለሁ፣ ድንቡሼ ሳይነሣ። እኔ ከላይ እተኛለሁ።"

"ምን ብለህ?"

"ሌሊት በርዶኝ ተቀያየርን እላለሁ። አንተ ዛሬ አዳራሽ ትናገራለህ። እኔ ምን አለብኝ? እኔ ላይ ቢስቁ የለመድኩት ነው።"

አለቃ ወረደ። ደረቅ ሱሪ ለበሰ። የአናጺው ልጅ እርጥቡን ከእጁ ነጥቆ በራሱ ሻንጣ ከተተው። ከዚያ ወደ ላይ ወጥቶ በእርጥቡ መካከል ተጋደመ። ተኝቶ እንደ አንቀላፋ ሰው አንኮራፋ።

ድንቡሼ ተነሥቶ አሸተተ። ከዚያ ጮኸ። ቁርስ ሳይደርስ ወሬው ሁሉን ክፍል አዳረሰ።

ቁርስ ላይ ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ነበር። የአናጺው ልጅ ዳቦውን ቅቤ ይቀባል። "ምን ታደርጉኛላችሁ? የሰው አገር ነው ብዬ ምልክት አደረግሁበት" ይላል። ይስቃሉ። አንዱ በድንገት ወደ አለቃ ዞረ።

"አለቃ፣ አንተ ከታች አልነበርክ እንዴ? አላረጠበህም?"

ሁሉም ዞሩበት። መምህሩም ዞረ። የአለቃ ጆሮ ጋለ። ያወቁ መሰለው። አንድ ነገር መናገር ነበረበት።

"እሱ ሰው አይደለም" አለ፤ "ቧንቧ ነው።"

ጠረጴዛው ተናጋ። እየተቀባበሉ "ቧንቧ! ቧንቧ!" አሉ። አለቃ በሕይወቱ ሰው ሲያስቅ የመጀመሪያው ነበር። የአናጺው ልጅ ቢላዋውን እንደያዘ ቀና ብሎ አየው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየው። ከዚያ እሱም ከልጆቹ ጋር ሳቀ፣ ዳቦውንም በላ።

መምህሩ ግን አልሳቀም። "በሰው አገር አዋረድከን" ብሎ የአናጺው ልጅ ፍራሹን ራሱ ተሸክሞ አውጥቶ እንዲያሰጣ አዘዘ። ማደሪያውን የምታጸዳው ሴትዮ በሌላው ጫፍ ይዛለት በግቢው መካከል አልፈው የብረት አጥር ላይ ሰቀሉት። የአገሬው ተማሪዎች ቆመው ያያሉ።

የአዳራሹ መስኮት ወደዚያው አጥር ነው። አለቃ ንግግሩን ሲያደርግ ፍራሹ ይታየዋል። ስለ ትጋት ተናገረ። ስለ ወዳጅነት ተናገረ። አጨበጨቡለት። የአናጺው ልጅ ከኋላ መደዳ ቆሞ ከሁሉ በላይ አጨበጨበ።

ሊመለሱ ሲሉ የአለቃን ሱሪ አጥቦና አጥፎ ሰጠው።

"እኔ..." አለ አለቃ።

"ተወው።"

ተወው። መተው አልነበረበትም።

የአለቃ ሕመም በዚያው ዓመት ለቀቀው። የሌላው ስም ግን ቀረ። የአናጺው ልጅ የአባቱን ወርክሾፕ ይዞ አናጺ ሆነ፤ ከተማው በሙሉ ቧንቧ ይለዋል። አንዲት ሴትዮ የተሰበረ የውኃ መክፈቻ ይዛ መጥታ ጠግንልኝ ብላው ታውቃለች። "እመቤቴ፣ እኔ የማፈሰው ነኝ እንጂ የምጠግነው አይደለሁም" ብሎ መለሳት። በሠርጉ ቀን ሚዜዎቹ በዚሁ ስም ዘፈኑለት። ሚስቱ ከየት የመጣ ስም እንደሆነ ስትጠይቅ ሳቀባት።

አለቃ ተምሮ የሕንፃ ሥራ ተቆጣጣሪ ሆነ። ሰው ያከብረዋል። በርና መስኮት የሚያሠራ ሁሉ ወደ አናጺው እንዲሄድ ይመክራል። ራሱም ወደ ወርክሾፑ ይሄዳል። ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ይቅርታ እለዋለሁ ብሎ ይገባል፤ ሻይ ጠጥቶ፣ ስለ ጣውላ ዋጋ አውርቶ ይወጣል። በሰው መካከል "ቧንቧ" ሲሉት ከሰማ ጫማውን ያያል። ነገሩን በሁለቱ መካከል ብቻ ቢናገር እንደማይበቃ ያውቃል። ስሙን ያወጣው በጉባኤ ነው።

ዓመታት አለፉ። ትምህርት ቤቱ እንደገና ተማሪዎች ወደ አውሮፓ ሊልክ ሆነ። የአለቃ ወንድ ልጅና የአናጺው ሴት ልጅ አንድ ክፍል ናቸው። የድንቡሼም ልጅ አለበት። ወላጆች ከነልጆቻቸው ተጠሩ። በልጆች ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ። ወጣቷ መምህርት ስለ ጉዞው፣ ስለ ልብስ፣ ስለ ማደሪያ አስረዳች።

"ጥያቄ አለ?"

ድንቡሼ እጁን አወጣ። አሁን የሕንፃ ዕቃ ነጋዴ ነው፤ ጉንጩ ያው ነው።

"ጥያቄ ሳይሆን ማሳሰቢያ ነው። የቧንቧን ልጅ ከላይኛው አልጋ ላይ አደራ እንዳታስተኟት!"

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ነገሩን የማያውቁት አጠገባቸው ያለውን ጠይቀው ዘግይተው ሳቁ። ከልጆቹ አንዱ ቀጭን ድምፅ አውጥቶ "ጠብታ!" አለ። ልጅቷን በክፍል ውስጥ የሚጠሯት እንደዚያ መሆኑን አለቃ ያወቀው ያን ጊዜ ነው።

"አትስጉ" አለ አናጺው እየሳቀ፤ "እሷ በእናቷ ነው የወጣችው።"

ልጅቷ ተነሣች። ወደ መምህርቷ ጠረጴዛ ሄደች።

"የኔን ስም ይሰርዙልኝ።"

"ለምን?"

"አልሄድም። እዚያም በዚህ ስም አልጠራም።"

አናጺው ግማሽ ተነሥቶ ቆመ። አፉን ከፈተ። አለቃ ያን ሰው ቃል አጥቶ አይቶት አያውቅም።

ተነሣ።

"መምህርት፣ አይሰርዟት። ያን ጊዜ አልጋው ላይ የሸናሁት እኔ ነኝ።"

አንዳንዱ ሳቀ።

"አለቃ፣ በእርጅና ቀልድ ጀመርክ?" አለ ድንቡሼ።

"ቀልድ አላውቅም። በዕድሜዬ አንድ ቀልድ ቀልጃለሁ፤ እሱን ነው የምመልሰው።"

ልጁ ኮቱን ከኋላ ያዘ። "አባዬ፣ ተቀመጥ። አባዬ!"

አልተቀመጠም። "ከላይ የተኛሁት እኔ ነበርኩ። እሱ ከታች ነበር፤ በላዩ ላይ ነው ያንጠባጠብኩበት። አስወርዶኝ በኔ እርጥብ ላይ ወጥቶ ተኛ። ሱሪዬን አጠበ። ፍራሽ በአደባባይ ተሸከመልኝ። እኔ ደግሞ ቁርስ ላይ ስም አወጣሁለት። ቧንቧ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ቧንቧውም እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ እሱ በኔ ስም ሲጠራ እኔ በዝምታዬ ተከብሬ ኖርኩ። ከዛሬ ጀምሮ መጥራት የሚፈልግ በዚያ ስም እኔን ይጥራ።"

የሳቀ የለም። ልጁ የያዘውን ኮት ለቀቀ፤ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፋ። ከኋላ በኩል ልጆች መንሾካሾክ ጀመሩ። አለቃ ሁሉንም ሰማ። ቆሞ ቆየ።

ድንቡሼ ጎሮሮውን ጠረገ። ወደ አናጺው ዞሮ እናቱ ባወጣችለት ስም ጠራው። "አንተ... እውነት ነው?" አለው።

አናጺው ለመመለስ ዘገየ። ያ ስም በቤቱ ካልሆነ በቀር ከተጠራበት ብዙ ጊዜው ነው።

"በርዶኝ ተቀያየርን ማለቴ ውሸት ነው፤ ሞቅ ያለ ክፍል ነበር" አለ በመጨረሻ፤ "እሱም እንቅልፍ አጥቶ የሰነበተ ልጅ ነበር። በቃ፣ ስብሰባው ይቀጥል።"

"ልሰርዝሽ?" አለች መምህርቷ ልጅቷን።

"ይቆይ።"

ሲወጡ በሩ ላይ ተጨናነቁ። አለቃ ከአናጺውና ከሴት ልጁ ኋላ ነበር።

"አባዬ፣ ለምን አልነገርከንም?" ስትል ሰማ። "ለእማዬ እንኳ?"

"የሰው ገበና እንዴት ይወራል?" አላት አናጺው።

ወደ ኋላው ዞሮ አለቃን አየው። አልሳቀም፣ አልቀለደም። እጁን ዘረጋለት። ተጨባበጡ። ከዚያ ልጁን በትከሻዋ ይዞ ሄደ።

የአለቃ ልጅ ከግቢው ቀድሞ ወጥቷል። ሁለት ጓደኞቹ ከኋላው አንድ ነገር ሲሉት አንገቱን ቀብሮ እርምጃውን አፈጠነ። መንገዱ አንድ ነው። አለቃ ከርቀት ተከተለው። እንዲጠብቀው አልጠራውም።