ድንኳን ቤቴ ሲተነተን

ጭሮ ከተማ ውስጥ ሠርግ የደገሰም ሐዘን የደረሰበትም መጨረሻው እኔ ዘንድ ነው፤ ድንኳንና ወንበር አከራያለሁ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ወሬዬ ግን እስካሁን አልቆመም። የጎረቤቴ የረዲያ ልጅ ሳብሪና አምና ጣጣ ውስጥ የገባችውም በዚሁ ወሬዬ ነው።

ሳብሪና ኮሌጅ የመጨረሻ ዓመት ላይ ነበረች። የምትማረው የሲስተም ትንተናና ዲዛይን ይባላል። እኔ እንደገባኝ፣ አንድ ድርጅት ሥራውን እንዴት እንደሚሠራ አጥንቶ፣ ያንኑ ሥራ ኮምፒውተር እንዲይዘው አድርጎ መንደፍ ነው። ለመመረቂያዋ የምታጠናው ድርጅት ስትፈልግ እናቷ፣ "ከአጥሩ ወዲያ ሞገስ አለ አይደል? ድርጅት ባይባልም ወሬ አታጪበትም" ብላ ላከችብኝ።

እኔ "ድርጅት" የሚለውን ቃል እንደሰማሁ ኮት ለበስኩ።

"ጋሼ ሞገስ፣ ደንበኛ የሚያዝዘው እንዴት ነው?" አለችኝ እስክሪብቶዋን አዘጋጅታ።

"ከሦስት ቀን በፊት፣ በአካል ቀርቦ፣ መታወቂያ አሳይቶ።"

"ሳያስይዝ ድንገት የሚመጣስ?"

"በእኔ ቤት? እዚህ ያለው ሥርዓት ነው፣ ልጄ!"

ይህን ያልኩት ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው። ደንበኞቼ ከመንገድ ማዶ፣ "ሞጌ! ለቅዳሜ ሃምሳ ወንበር!" ብለው ጮኸው ያልፋሉ። እኔ እጄን አነሣለሁ፤ ውላችን ይኸው ነው። ሃምሳው አርባ ሆኖ ከሄደ አሥሩ እንግዳ ቆሞ ይበላል። ይህን ለተማረ ልጅ እንዴት አድርጌ ልንገር?

"መምህራችን፣ ሰው የሚላችሁን ብቻ አትያዙ፣ ሲሠራም ተቀምጣችሁ እዩ ይላሉ። አንድ ቀን እዚህ ልዋል?" አለች።

"ምን ልታዪ? የነገርኩሽን እኮ ነው የምታዪው!"

እንዳታይብኝ የፈለግሁት ከምሳ በኋላ ሸራው ክምር ላይ የምተኛውን እንቅልፍ ነበር።

እሷም አምናኝ ሲስተሙን ሠርታ ጨረሰች። የሚፈተነው እዚያው ሱቄ ውስጥ፣ መምህሯ ነቢዩ ባሉበት ነው። ከወደቀ የዚያ ዓመት ምረቃ ቀረ ማለት ነው፤ ረዲያ ደግሞ የምረቃውን ቀሚስ አሰፍታ ጨርሳለች። ላፕቶፑን የወንበር ቁልል ላይ አስቀመጥነው። እኔ ያው በኮቴ ነኝ።

ገና ስንጀምር መሰላ ከተማ ጫት የሚነግደው አብዱልቃዲር ከባጃጅ ዘሎ ወረደ።

"አቦ ሞገስ፣ አጎቴ ወደ አኼራ ሄደ! ቀብሩ ዛሬ ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው። ሁለት ድንኳን፣ ቶሎ በል!"

ነፍስ ይማር ተባባልን። መምህሩም በትሕትና፣ "ቅር ካላለዎት በዚሁ ይመዝገብ፤ አይቆይም" አሉት። ሳብሪና ስሙንና ቀኑን አስገባች። ቀይ ጽሑፍ ወጣ፦ "ትዕዛዝዎ ተቀባይነት የለውም። ከሦስት ቀን በፊት ያስይዙ።"

አብዱልቃዲር አንገቱን አስግጎ አነበበው።

"ከሦስት ቀን በፊት? ከሦስት ቀን በፊትማ አጎቴ ራሱ በደሳ ገበያ ነበር! ማን ያስይዝ፣ እሱ?"

መምህሩ ወደ ሳብሪና ዞሩ። "ይህን መስፈርት ከየት አመጣሽው?"

እኔን አየችኝ፤ ከዚያ መሬት መሬቱን አየች። "ሥራውን ሳላይ ነው የነደፍኩት። ጥፋቱ የኔ ነው" አለች።

ቀባጣሪው እኔ፣ አንገቷን የደፋችው እሷ። ሌላ ጊዜ ሳይጠሩት የሚመጣው ምላሴ ያን ዕለት ተለምኖ ወጣ።

"መምህር፣ የሰማችው ከኔ ነው። ዋሽቻት ነው።"

"ለምን?"

"ድርጅት ስትለኝ ጊዜ።"

"አቦ ድንኳኑን ስጠኝና ንስሐህን ከዚያ ቀጥል!" አለ አብዱልቃዲር።

ሁላችንም ዕቃ የማመላልስበት አይሱዙ ላይ መጫን ጀመርን። መምህሩ ሳይቀሩ የድንኳኑን ቋሚ በአንድ ጫፍ ያዙ። መኪናው ሲሄድ እጃቸውን እያራገፉ፣ "አንድ ሳምንት ሰጥቼሻለሁ። መጀመሪያ ግን እኚህን ሰው ቁጭ ብለሽ እያቸው" አሏት።

በማግስቱ ሳብሪና መቀመጫ ዱካ ይዛ መጣች። እኔም ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ለመጣው ሁሉ "ምን ልታዘዝ?" እላለሁ። አንዱ የድሮ ደንበኛዬ ደንግጦ፣ "ሞጌ፣ አሞሃል እንዴ?" አለኝ።

ሳብሪና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ጋሼ፣ ዛሬም እየዋሹኝ ነው።"

"አፌን መች ከፈትኩ?"

"በኮትዎ ነው የሚዋሹት።"

አወለቅሁት። ከምሳ በኋላ ሸራው እንደ ልማዱ ጠራኝ፤ እኔም እምቢ አላልኩትም። ስነቃ ደንበኞቼ ወንበራቸውን ራሳቸው ቆጥረው ወስደዋል፤ የሄዱበትንም ለሳብሪና ነግረዋታል። ለካ ሥራዬን ከእኔ ይልቅ እነሱ ያውቁታል። እሷም ስትጽፍ ነው የዋለችው።

አዲሱ ሲስተም መጀመሪያ "ሠርግ ነው ወይስ ሐዘን?" ይላል። ሐዘን ከሆነ ከሰፈሩና ከስልኩ በቀር ሌላ አይጠይቅም። መምህሩም አሳለፏት። ረዲያ ሰፈሩን በእልልታ ስታቀልጠው፣ ሳብሪና የመመረቂያ ጥናቷን ጥራዝ ይዛ መጣችና "የነባሩ አሠራር ችግሮች" ከሚለው ምዕራፍ አነበበችልኝ።

"አንደኛ፦ የድርጅቱ ባለቤት። መምህራችን ከሁሉ የወደዱት ይህን ክፍል ነው።"

"ባለቤት ብቻ ነው የሚለው?"

"አዎ። ከከፋዎት ላውጣው?"

"ኧረ የለም! ስሜን ከነአባቴ ጨምሪበት፤ የሌላ ድርጅት ባለቤት መስሎ እንዳይቀር።"