የውሃው ዘበኛ

«የውሃው ዘበኛ ቤት ይሄ ነው?» አለ ትልቁ ሰውዬ፣ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ።

የሟቹ ታናሽ ወንድም በሩን ገርበብ አድርጎ አያቸው። አራት ናቸው። ሦስት ፎቅ በእግራቸው ወጥተው ቁና ቁና ይተነፍሳሉ።

«ተሳስታችኋል» አላቸው። «እዚህም ለቅሶ አለ፤ የኛ ሟች ግን ቀያሽ ነው። የመሬት ቀያሽ።»

«እኛስ ውሃ ሲለኩ እንጂ መሬት ሲቀይሱ አላየናቸውም» አለ ሰውዬው ግራ ተጋብቶ። «ይቅርታ ጌታዬ፣ ሌላ ፎቅ ይሆናል።»

ሊመለስ ዞር ሲል፣ በወንድምየው ትከሻ ላይ አሻግሮ መደርደሪያው ላይ የቆመውን ፎቶግራፍ አየ። ያ ሁሉ ሰውነት እዚያው ደረጃው ላይ እንደቆመ ተንሰቅስቆ አለቀሰ።

ሚስትየው ከውስጥ ሰማችው። ከመድኃኒት ቤቱ የመጡ ሁለት የሥራ ባልደረቦቿ ግራና ቀኝ ይዘዋት ተቀምጣለች። ባሏ ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ደረጃ እየወጣ ሳለ ልቡ ቀጥ አለ፤ ነገሩ ይኸው ነው። እሷ ከቀብር ወዲህ ሰው ፊት አላለቀሰችም። ሰው እያያት ማልቀስ ልብስ እንደ ማውለቅ ይሆንባታል።

እንግዶቹ ገብተው ተቀመጡ። ከበስተኋላ ሹክሹክታው ተነሳ።

«የማን ወገን ናቸው?»

«እኔ እንጃ። እንዲህ የሚያለቅስ ዘመድ እንዳለው አላውቅም።»

«ሌላ ቤት ነበረው እንዴ?»

«ዝም በይ፣ ትሰማሻለች።»

ሰምታለች። ሃያ ዓመት ከመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ የቆመ ሰው፣ ሕመሙን በሹክሹክታ የሚናገረውን ሁሉ ሲሰማ ኖሮ ጆሮው የተሳለ ነው። ከሹክሹክታው ይልቅ ያስደነገጣት፣ ያንኑ ጥያቄ እሷም በልቧ መጠየቋ ነበር።

«ያጽናዎት እመቤቴ» አለ ትልቁ ሰውዬ አፍንጫውን ጠርጎ። «እኔ ጀልባ ጠጋኝ ነኝ። ይህቺ ባለቤቴ ናት። እነዚህ ሁለቱ ከታችኛው መንገድ ናቸው። ጋሼ ጎረቤታችን ስለሆኑ ነው የመጣነው።»

«የማን ጎረቤት?»

«የኛ ነዋ። ሐይቁ ዳር።»

«ባለቤቴ ሐይቅ ዳር ኖሮ አያውቅም።»

«አልኖሩም፤ ግን ቅዳሜ ቀርተው አያውቁም» አለች የጀልባ ጠጋኙ ሚስት። «ሊሸጥ ከቀረበው ከጡረተኛዋ አስተማሪ ቤት ፊት ካለው የድንጋይ ግንብ ሥር ይወርዱና ውሃው የደረሰበት ላይ በቀይ ቀለም ያሰምራሉ። ቀኑን ይጽፉበታል። መጀመሪያማ ግንቡን ሊያፈርሱብን የመጡ ሹም መስለውን ውሻ ልንለቅባቸው ነበር። ውሻው ራሱ ወደዳቸውና ቀረ።»

አንድ ሰው ሳቀና አፉን በእጁ ያዘ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ትርፍ ሥራ ነበረው» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር።

«እሱስ ነበራቸው» አለ ጀልባ ጠጋኙ። «ያለ ደመወዝ። ለምን ይለፋሉ ስላቸው፣ ‹ባለቤቴ ቤቱ ውሃ ይገባበታል ብላ ፈርታለች። ክረምት ከበጋ ለክቼ እንደማይገባ ሳላረጋግጥ ሁለተኛ አልጨቀጭቃትም› አሉኝ። ዓመት ሊሞላቸው ሁለት ቅዳሜ ነበር የቀራቸው። ስለ እርስዎ እንደሆነ ሲያወሩ አይጠግቡም።»

«እሱ ያወራ ነበር?»

«አፋቸው መች ይዘጋል።»

ብርጭቆ እንደምታመጣ ሰው ተነስታ ወደ ማድቤት ገባች። ሳሎኑ ውስጥ ብርጭቆ ሞልቷል። መታጠቢያውን ተደግፋ ቆመች። እዚህ ቤት ውስጥ «ደህና አመሸሽ» እና «ጨው አቀብይኝ» ብሎ የሚያድር ሰው፣ ለጀልባ ጠጋኝ ምኑን ነው የሚያወራው?

ያንን የሐይቅ ዳር ቤት ከባሏ ጋር ያዩበትን ቀን ታስታውሳለች። አምና፣ እሑድ ከምሳ በኋላ። አውቶቡሱ መጨረሻው ላይ አውርዷቸው ነበር። ዛፎች፣ ዝቅ ዝቅ ያሉ አጥሮች፣ የራስህን ጫማ የምትሰማበት መንገድ። ሁለት ክፍል ከነበረንዳው፤ የመኝታ ቤቱ መስኮት ሲከፈት ፊት ለፊት ውሃ ነው። ባሏ ግድግዳውን በመዳፉ እየዳበሰ፣ «እንዴት ነው?» አላት። ዓይኑ ውስጥ ዓመታት ሙሉ ያላየችው ነገር ነበር። የልጅ ነገር።

እሷ ግን ዝምታውን ብቻ ነበር የሰማችው። እነሱ የሚኖሩት ከአውቶቡስ መናኸሪያ በላይ ነው፤ ጥሩምባና የረዳት ጩኸት ሳይሰማ ነግቶም መሽቶም አያውቅም። ባሏ በአሥራ አራት ዓመት ይበልጣታል። መስኮቱ ጋ ቆማ ሳለች፣ ሳታስበው፣ ከሱ በኋላ ያለውን ዘመን አየችው፤ ያው መስኮት፣ ያው ውሃ፣ አንድም ድምፅ የማያሰማ ቤት፣ እሷ ብቻዋን። ለባል «በዚህ ቤት ሞትህን አየሁት» ተብሎ እንዴት ይነገራል?

«ውሃ ይገባበታል» አለችው።

«እዚህ ድረስ?»

«ክረምት ላይ ይገባል። ይታየኛል።»

ወደ ውሃው አየ፤ ወደ ግንቡ አየ፤ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወዲህ ስለ ቤቱ አንስቶ አያውቅም። እሷም የረሳው መስሏት እፎይ አለች። ከቀያሽ ጋር ያን ያህል ዘመን ኖራ ይህ ሳይገባት መቅረቱ ነው የሚያንገበግባት። «ስምንት ሜትር ይሆናል» ብትለው ሜትሩን ይዞ የሚነሳ ሰው ነው። ሰበብ ሰጠችው፤ እሱ ሥራ አደረገው።

በአራተኛው ቀን የባሏ ወንድም ወንበሩን ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ ደላላው ደውሎ ነበር። ወንድሜ ለካ ለሐይቁ ዳር ቤት ቀብድ ሰጥቶ ኖሯል። ሻጯ ሴትዮ ዓመቱ እስኪሞላ ሊጠብቁት ቃል ገብተው ነበር አሉ። አሁን ሌላ ገዢ መጥቷል። እስከ ነገ እኩለ ቀን ቁርጡን አሳውቁን ነው የሚሉት።»

«ምን አልከው?»

«ቀብዱ ይመለስልን ልለው ነው። ብቻሽን ሐይቅ ዳር ምን ትሠሪያለሽ? ሰው በሌለበት። እዚህ ቢያንስ ድምፅ አለ።»

ትክክል ነው። የራሷ ፍርሃት ነው፣ ቃል በቃል። ግን ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ የሌላ ሰው የጥርስ ብሩሽ አፏ ውስጥ እንዳገኘች ዘገነናት።

«እስኪ ቆይ» አለችው።

ያን ቀን አልተቀመጠችም። የተደረደሩ ወንበሮችን እንደገና ደረደረች። የታጠበ አጠበች። «አረፍ በይ እንጂ፣ አንቺ ነሽ ሐዘንተኛዋ» ቢሏት እሺ ብላ ተቀምጣ፣ ሻይዋ ሳይበርድ ተነሳች። በረንዳው ላይ ወጥታ መናኸሪያውን ቁልቁል አየች። ረዳቶቹ እንደወትሮው ይጮሃሉ፤ አንዱ አውቶቡስ ጥሩምባውን ነክቶ መልቀቅ አቅቶታል። ሰው ያለበት ይመስል ዕድሜዋን ስትደገፍበት የኖረችው ጩኸት ይኸውና። አራት ቀን ሙሉ ቢጮህ ከብቸኝነቷ ቅንጣት አልቀነሰላትም።

በማግስቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ የመንገድ ጫማዋን አደረገች።

«ሐዘንተኛ ከቤት ይወጣል እንዴ?» አለች አንዷ ባልደረባዋ።

«እመለሳለሁ። እንግዳ ከመጣ ሻይ አቅርቡልኝ።»

ወንድምየው መኪናውን እየነዳ መንገዱን ሁሉ አጉረመረመ። 

ከመኪናው ስትወርድ የጠበቀችውን ዝምታ አጣችው። ጀልባ ጠጋኙ ከታች የጀልባ ሆድ በመዶሻ ይደበድባል። የአንዱ ቤት ሬዲዮ ዜና ያነባል። ዳክዬዎች ተጣልተው ሠፈሩን ይረብሻሉ፤ ውሃው ግንቡን እየመታ ይመለሳል። አምና የመጡት እሑድ ከምሳ በኋላ፣ ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓት ነበር።

ጀልባ ጠጋኙ ሲያያት መዶሻውን ጥሎ መጣና ወደ ግንቡ መራት። ቀይ መስመሮቹ እዚያ ነበሩ፤ ቀጫጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ የበጋዎቹ ከታች፣ የክረምቶቹ ከላይ። ከፍተኛው ከጉልበቷ አያልፍም፤ ግንቡ ግን ደረቷ ድረስ ነው። ጎን ለጎን በዚያ በጥንቁቅ ጽሑፉ ቀኖቹ አሉ። አንድ በአንድ አነበበቻቸው። በዚህኛው ቀን እህቷን ልትጠይቅ ሄዳ ነበር። በዚህኛው ቀን፣ እጅጌህን ቀለም አስነክተህ መጣህ ብላ ተቆጥታው፣ ከመድኃኒት ቤት ባመጣችው አልኮል ስትፈትግ አምሽታለች። «የሥራ ነገር ነው» ብሏት ነበር፣ ፈገግ ብሎ።

«ቀለሙ እኔ ጋ ነው» አለ ጀልባ ጠጋኙ ቀስ ብሎ። «የዛሬውን ላሰምርልዎ?»

«ተወው። ይበቃል።»

ጡረተኛዋ አስተማሪ በረንዳው ላይ፣ እግራቸውን ጉርድ በርጩማ ላይ ዘርግተው ይጠብቋት ነበር። ቤቱን የሚሸጡት ጉልበታቸው ከመንገዱ የሚያወርደውን ደረጃ እንቢ ስላላቸው ነው፤ ልጃቸው ጋ ሊገቡ ነው።

«ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ። ውሃውን አየሽው?»

«አየሁት።»

«አሁንም ትፈሪዋለሽ?»

«ድሮም አልፈራሁትም።»

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «ታዲያ ምንድን ነው የፈራሽው?»

«እዚህ ብቻዬን መቅረትን።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብላ መናገሯ ነበር። ሴትዮዋ ወደ ግንቡ ተመለከቱ።

«ነግረሽው ነበር?»

«አልነገርኩትም።»

«ብትነግሪው ምን ይልሽ ነበር?»

አሰበች። «ይለካው ነበር» አለች።

ሁለቱም ሳቁ። የሷ ሳቅ መሀል ላይ ተሰበረ። ሴትዮዋ ዓይናቸውን አዙረው ጊዜ ሰጧት።

«ባሌ ከሞተ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው» አሉ ቆይተው። «አልዋሽሽም፣ ከባድ ነው። ምሽቱ ይረዝማል። ግን እነዚህ ሰዎች ብቻዬን ልሁን ብል እሺ አይሉም። ያ ጀልባ ጠጋኝ ሚስማር ሊዋስ ይመጣና ቁርስ በልቶ ይሄዳል። በሩን ቆልፌም ሞክሬዋለሁ፤ በመስኮት ነው የሚያወራኝ።»

ደላላው ሰዓቱን እያየ መጣ፤ ወንድምየው ተከትሎታል። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘረጋ።

«እንግዲህ ገዢ እየጠበቀኝ ነው። ይወስዱታል ወይስ ይቅር?»

«እወስደዋለሁ።»

«እትዬ» አለ ወንድምየው።

«ሰምተኸኛል።»

«እንግዲያው ነገሩ ቀላል ነው» አለ ደላላው ፊቱ ፈክቶ። «ውሉ አንድ ሳይቀር ተጽፎ አልቋል። የጋሼን ስም እዚህች ላይ ልሰርዝና የእርስዎን ከላይ ልጻፍ። ጎኑ ላይ ትፈርሙበታላችሁ፣ አለቀ።»

እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሳይደርስ ቀኝ መዳፏ ስሙ ላይ አረፈ።

«አይሰረዝ።»

«እመቤቴ፣ ይሄ እኮ እንዲሁ…»

«ሌላ ወረቀት ላይ አዲስ ጻፍልኝ።»

«ቢሮ ደርሼ መመለስ ነው የሚሆነው። ግማሽ ሰዓት ይፈጃል።»

«እጠብቃለሁ።»

ደላላው ሴትዮዋን አያቸው፤ ሴትዮዋ በአገጫቸው በሩን አሳዩት። ወንድምየው ትንሽ ቆሞ አብሮት ወጣ።

ከውሃው የመጣ ነፋስ የወረቀቱን ጠርዝ አነሳና ለቀቀው። መዳፏ ከቦታው አልተነቃነቀም። ሴትዮዋ ሻይ ቀዱ፤ ሊሰጧት እጃቸውን ዘረጉና፣ አንዴ ወደ መዳፏ አይተው፣ ብርጭቆውን ዞረው በግራዋ በኩል አስቀመጡላት። በግራ እጇ አንስታ ጠጣች።