እስከ ሰማንያ ቀኗ

ሸዋዬ ያንን ወሬ የሰማችው ገና ልጅ ሳለች፣ ቦሌ ማሳ በነበረ ጊዜ፣ ከአጥር ወዲህ ሆና ነው። አንዷ ጎረቤት፣ «ማድያት ያለባት ሴት ክርስትና ካነሳች በሕፃኑ ላይ ታጋባበታለች ይባላል» ስትል ሰማች። ሌላዋ ምን ብላ እንደመለሰች ግን ጠፍቶባታል። ስቃ ይሆን? አማትባ ይሆን? ዕድሜዋን ሙሉ አስባ አላገኘችውም።

ማሳው ፎቅ ሆነ። ጎረቤቱ በየአቅጣጫው ተበተነ። ሸዋዬ ገርጂ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች፤ ኢምፔሪያል አካባቢ ካለ ላውንደሪ ቤት የበረራ ሠራተኞችን ዩኒፎርም ትተኩሳለች። የካውያው እንፋሎት ቀኑን ሙሉ ፊቷን ይገርፈዋል። ማድያቱ ጉንጮቿን ሲያለብስ ስም የሌለው ማንጫ ክሬም ገዝታ ተቀባች። ፊቷ መጀመሪያ ፈካ፣ ኋላ ተላጠ፣ በመጨረሻም ውሃ እንኳ የሚያቃጥለው ሆነ። ማድያቱ ደግሞ ከበፊቱ ጠቁሮ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ ከዛፍ ሥር ታስቀድሳለች። ሰው ጉንጯን እንዳይስማት ከሩቅ እጅ ትነሳለች። ኮርታለች አሏት።

አብሮ አደጓ ኢሊሊ ሴት የልጅ ልጅ ያየችው በዚህ መሃል ነው። ሳምንትም ሳይሞላ ደወለችላት።

«ልጄ ትግስት ‹ለልጄ ከሸዋዬ ሌላ ክርስትና እናት አልፈልግም› ብላለች።»

«ሌላ ፈልጉ።»

«ምነው፣ ናቅሽን እንዴ?»

«ኧረ እኔ ማን ሆኜ።»

«እኔ እንጃ። ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው ዘመድ ይረሳል ሲሉ አላምንም ነበር።»

ኢሊሊ ለቀልድ ያለችው ነው፤ ግን ሁለቱም አልሳቁም። ስልኩ ሲዘጋ ሸዋዬ ከእመቤታችን ስዕል ፊት ቆማ፣ «እንዴት ብዬ ልንገራት፣ እናቴ?» አለች።

በማግስቱ ጉርድ ሾላ መድኃኒት ቤት ገባች። ፋርማሲስቷ ማኅደር ነጠላውን ገለጥ አድርጋ አየቻት።

«እናቴ፣ ያንን ክሬም ይተዉት። ሲያቆሙት ትንሽ ሊብስብዎ ይችላል፤ ከጠናብዎ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።»

«ይሄ ነገር ይጋባል?»

«ማድያት? አይጋባም።»

«ሕፃን ቢታቀፉስ?»

«ቢስሙትም አይጋባም።» ትንሽ ጠርሙስ አወጣች። «ይሄ ኒያሲናማይድ ነው፤ የቫይታሚን ዘር። እንደዚያኛው አያነጣም። መጀመሪያ የተጎዳውን ቆዳ ያበረታል፣ ማቃጠሉን ያበርዳል። ጥቁረቱን ቀስ እያለ የሚያደበዝዘው ኋላ ነው። ጠዋትና ማታ ጥቂት ጠብታ፣ ቀን ቀን የፀሐይ መከላከያ። ከእንፋሎቱም ፊትዎን ያርቁ።»

«መቼ ይለቀኛል?»

«ሙሉ በሙሉ አልልዎትም። ለውጡን ለማየት ግን ሁለት ሦስት ወር ይታገሡ።»

ሸዋዬ በልቧ አሰበች፤ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሳው።

በዚያው ቀን ጀመረች። ጠብታውን ግንባሯ ላይ በመስቀል ምልክት አሳርፋ ወደ ጉንጮቿ ታወርደዋለች። ለውጡን የሚነግራት ሰው ስለሌለ መስታወቱን ትጠይቃለች። አንድ ማለዳ ፊቷን ታጥባ፣ ፎጣውን ከሰቀለች በኋላ ቆም አለች። ውሃው አላቃጠላትም። ለሰው ልትነግር ወደ በሩ ሄደች፤ ኮሪደሩ ላይ የተዘጉ በሮች ብቻ ነበሩ። ተመልሳ ለእመቤታችን ነገረቻት።

ክርስትናው ሲቃረብ ኢሊሊ ቤት ሄደች። ኢሊሊ ከወንበሯ አልተነሳችም፤ ትግስት ግን ሕፃኗን አምጥታ ሸዋዬ እቅፍ ውስጥ አኖረቻት። ያኔ ሸዋዬ ከአጥር ወዲህ የሰማችውን ተናገረች።

«ለዚህ ነው?» አለች ኢሊሊ። «እኔን ክርስትና ያነሳችኝ እትዬ ተናኜ አይደለችም? ማድያቷ እስከ አገጯ ነበር፤ ረሳሻት? ነይ፣ ፊቴን እይው እስቲ። ከሽበት በቀር ምን አጋባችብኝ?»

«ሽበቱንም ከእኛ ከልጆችሽ ነው ያመጣሽው» አለች ትግስት።

ሸዋዬ የኢሊሊን ፊት አየች። የተሸበሸበ፣ የጠራ ፊት ነው። የተናኜም ጉንጭ ትዝ አላት፤ ሰው ሲስመው የኖረ ጉንጭ። ከአጥሩ ወዲያ የተሰጠው መልስ አሁንም አልመጣላትም። ሕፃኗ እጇን ዘርግታ ጉንጯን፣ የደበዘዘውንና ያልጠፋውን ማድያት፣ ጭምቅ አድርጋ ያዘችው። ሸዋዬ አልሸሸችም።

«እንግዲህ ፊትሽን ሸፍነሽ ከዛፍ ሥር ብትቆሚ አላውቅልሽም» አለች ኢሊሊ። «ከፊት ትቆሚያለሽ፣ ሰውም ይስምሻል።»

ሸዋዬ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰችው።

«እሺ» አለች፣ «አነሳታለሁ።»