የጎፈሬ መኝታ

ሶፋ ሠሪው በሠላሳ ዓመት ሥራው የስንቱን ሰው ሳሎን እንዳሳመረ ራሱም አያውቀውም፤ ለውሻ ግን አንድ ቀን እንኳ መርፌ አንስቶ አያውቅም። የውሻ ቦታ ደጅ ነው ባይ ነበር። ጎፈሬን ቤት ያስገባችው ሚስቱ ናት፤ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ ገና ጭብጥ የሚያክል ቡችላ ሳለ፣ በሻርፗ ጠቅልላ። ባልየው "እሱ ከገባ እኔ እወጣለሁ!" ብሎ ፎክሮ ነበር። ውሻው ገባ፤ እሱም አልወጣም። ሚስቱ ይህን እያነሳች ስትስቅበት ኖራለች።

አሁን ግን ሳቅ ከቤቱ ከራቀ ሰንብቷል። ሚስቱ አልጋ ከያዘች አምስት ወር ሆናት። ሐኪሞቹ "ቤቷ ወስደህ አስታምማት" ሲሉት ምን ማለታቸው እንደሆነ ገብቶታል። እሷም ገብቷታል። አፍ አውጥቶ የተናገረው ግን የለም። ጎፈሬ ከአልጋዋ ሥር፣ ባዶው ሲሚንቶ ላይ ይተኛል። አርጅቷል። የኋላ እግሮቹ አልታዘዝ ብለውታል፤ ሊነሳ ሲል ይንሸራተትና በደረቱ ይወድቃል። ክርኖቹ ጠጉራቸው አልቆ ቆስለዋል።

አንድ ረፋድ ላይ "አንተ ሰውዬ" አለችው። "ለአገር ምድሩ ሶፋ ትሠራለህ። ለዚህ ምስኪን አንድ መኝታ አቃተህ?"

"ለውሻ?"

"ለእኔ። እኔ ስሄድ ሲሚንቶ ላይ እንዳይቀርብኝ።"

"ስሄድ" ስትል የመጀመሪያዋ ነበር። ባሏ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ተንበረከከና ከውሻው አፍንጫ እስከ ጭራው መለካት ጀመረ።

"ተጠቅልሎ ሳለ አትለካው እንጂ!" አለችው። "እግሩን ዘርግቶ ሲተኛ ጠብቅ። አሁን ብትለካው የድመት መኝታ ነው የምትሠራለት።"

የመጀመሪያውን እንደ ንጉሥ ትራስ አድርጎ ሠራው፤ ዙሪያው ከፍ ያለ፣ በጥጥ የታጨቀ፣ ሲነኩት የሚሰምጥ። ጎፈሬም ሰመጠ። ሊነሳ ታገለ፣ ታገለ፣ አቃተው፤ በመጨረሻ እዚያው እንደተኛ ሸናበት። ሚስቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"እንደ እኔ ሆነ" አለች።

ሶፋ ሠሪው መኝታውን ተሸክሞ ወደ ሥራ ቤቱ ተመለሰና ሁሉንም ፈታው። ከሥር ጠጣር ስፖንጅ፣ ከላዩ ሳሳ ያለ ለስላሳ አነጠፈ። ሽንት እንዳይዘልቀው በላስቲክ ሸፈነው፤ ጨርቁን አውልቆ ማጠብ እንዲቻል ዚፕ አደረገለት። በፊት በኩል ጠርዙን አስቀረው፣ ያ ጎታታ እግር የሚሻገረው ነገር እንዳይኖር። እንዳይንሸራተትም ከመኝታው ሥር ጎማ ሰፋበት። ቤት አምጥቶ በሩ አጠገብ ሊያኖረው ሲል ሚስቱ ጮኸችበት።

"ብርድ በበሩ ሥር ነው የሚገባው! ደግሞ የሰው መተላለፊያ ነው። ወደዚህ፣ ጥጉ ላይ፣ እጄ በሚደርስበት።"

ጎፈሬ አሸተተው። ሦስት ጊዜ ዞረና ተጋደመ፤ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ቆይቶ ሲነሳ አልወደቀም። ሴትየዋ እጇን ራሱ ላይ አሳረፈች።

"ከዚህ ቤት አታስወጣውም። ማልልኝ።"

"ሙች!" ሊል አፉን ከፈተ፤ እንደ ልማዱ። ለእሷ እንደማይባል ትዝ አለውና ተወው።

"እግዜር ይየኝ" አለ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተች።

ታላቅ እህቱ ከሩቅ መጥታ ቤቱን ተረከበች፤ ደግ ናት፣ ግን የሰው አፍ ትፈራለች። ጎፈሬ ባዶውን አልጋ እየዞረ ሲያላዝን ስታይ "ሰው ሊያጽናናህ መጥቶ ውሻ ይርገጥ እንዴ?" አለችው። "መኝታውም ሸቷል። ሰው ምን ይለናል?"

ሶፋ ሠሪው ዓይኑን ሰበረ። "ለሁለት ቀን ብቻ፣ እትዬ" አለ።

መኝታው ዕቃ ቤት ተወረወረ። ጎፈሬ በገመድ እየተጎተተ ወደ ጓሮ ወጣ። ሁለቱ ቀን አምስት ሆነ። በሦስተኛው ቀን ዝናብ ጣለ። ለቀስተኞች ሳሎኑን ሞልተው ተቀምጠው ሳለ የውሻው ድምፅ ከውጭ ተሰማ። አንዲት ጎረቤት "እሱም እያለቀሰላት ነው" ስትል ሁሉም ከንፈሩን መጠጠ። ሶፋ ሠሪውም አብሮ መጠጠ። ተነስቶ በሩን መክፈት ይችል ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ለውሻ መነሳት አሳፈረው።

በስድስተኛው ቀን እንግዳው ሳሳ ሲል ወደ ጓሮ ወጣ። ጎፈሬ ከመኝታ ቤቱ መስኮት ሥር፣ ጭቃው ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ተጋድሟል። ሲያየው ጭራውን ለማንቀሳቀስ ሞከረ። ሶፋ ሠሪው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አቀፈው፤ አጥንቱ ብቻ ነበር። አስገባው፤ መኝታውን ፈልጎ አነጠፈለት፤ አደራረቀው፤ የእንስሳት ሐኪም ጠራ።

ሐኪሙ ደረቱን አዳመጠና ራሱን ነቀነቀ። "ብርዱ ሳንባው ገብቷል። በዚህ ዕድሜው አይችለውም።" ከዚያ መኝታውን በእጁ ተጫነው። "ግን እኮ እንዲህ ያለ መኝታ አለው! የት ነበር የሚተኛው?"

"ደጅ" አለ ሶፋ ሠሪው።

ጎፈሬ በማግስቱ ቀትር ላይ ሞተ። እህቱ "ውሻ ነው እኮ፤ ዕድሜውም ነው፤ አታካብደው" አለችው፤ እሷም ደንግጣ ነበር።

"እትዬ፣ አንቺ አይደለሽም ያስወጣሽው። የማልኩት እኔ ነኝ፤ ያስወጣሁትም እኔ ነኝ። አሁን ባለቅስ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።"

አራስ ስለሆነች ለእናቷ ቀብር መምጣት ያልቻለችው ልጁ ከምትኖርበት አገር ደወለች። እንደምን ዋልክ፣ በላህ ወይ ካለችው በኋላ "አባዬ፣ ጎፈሬስ? የእማዬን አልጋ አልለቅ ብሎ አስቸገረህ?" አለችው።

አርጅቶ ሞተ ማለት ይበቃው ነበር፤ ውሸትም አይባልም። እሱ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁሉንም ነገራት፤ መሐላውን፣ ዝናቡን፣ ከንፈር መምጠጡን። ስልኩ ውስጥ የሕፃኑ ለቅሶ ብቻ ይሰማ ነበር።

"እሺ አባዬ። ሌላ ቀን እደውላለሁ" አለችና ዘጋችው።

አንድ ሳምንት ጠበቀ፤ ከዚያም ሌላ ሳምንት። አልደወለችም።