ልጅማ ልጅ ነው

«ምን ወለደች?»

በያጁ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ የሆስፒታሉን ኮሪደር ግራ ቀኝ ቃኘ፤ መልሱ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ይመስል።

«ልጅ፣ እማ።»

«ልጅማ ልጅ ነው! ጥጃ ትወልዳለች ብዬ ነው የጠየቅሁህ?»

«ሁለቱም ደህና ናቸው። መልሼ እደውላለሁ።»

ዘጋው። እናቱ ላይ ስልክ ዘግቶ አያውቅም። አባቱ ከሞተ በኋላ በሰው ቤት ልብስ እየተኮሰች ለብቻዋ ያሳደገችው ሴት ናት፤ «የልጅ ልጅ ሳላይማ ንቅንቅ አልልም» እያለች ሞትን ራሱን ስታስፈራራ የኖረች።

እውነቱ ግን እሱም አያውቅም። ሐኪሟ ከማዋለጃ ክፍል ወጥታ የነገረችው ይህን ነው፦ ልጁ ጤነኛ ነው፣ ይጠባል፣ ያለቅሳል፤ ከውጭ ሲታይ ግን አካሉ የወንድ ነው ወይም የሴት ነው ብሎ ለመቁረጥ አያስደፍርም። እንዲህ ሆነው የሚወለዱ ልጆች አሉ። የደም ናሙና ተልኳል።

«ታዲያ አሁኑኑ አቃኑልን» አላት። በእሱ ሙያ የተጣመመ ነገር የሚቃናው ትኩስ ሳለ ነው።

«የተጣመመ ነገር የለም። ቸኩሎ መቁረጥ ነው ኋላ የማይቃናው።»

«ሲያድግስ? ወንድ ይሆናል ሴት? ሚስት ነው የሚፈልገው ባል?»

ሐኪሟ የእሳት ፍንጣሪ የበሳሳውን ቱታውን አየት አደረገችና ሳቋን ዋጠች።

«ሦስት ጥያቄ አንድ ላይ በየድክ፣ ወንድሜ። የአካሉን ነገር ምርመራው ጥቂት ይነግረናል። ወንድ ነኝ ይል ሴት ነኝ ይል እንደሆነ ግን ደሙ ውስጥ አናገኘውም፤ አድጎ ራሱ ይነግራችኋል። ማንን እንደሚያፈቅር ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነገር ነው። እሱንማ፣ እንደ አባት ሁሉ፣ መጨረሻ የምትሰማው አንተ ነህ።»

ሚስቱን ትራስ ተደግፋ፣ ሕፃኑን ደረቷ ላይ አስተኝታ አገኛት።

«ቀስ በል! እሳቸው ጠግበው ተኝተዋል።»

«አንቱታው ከመቼ ወዲህ ነው?»

«እስኪወስኑ ድረስ።»

ሳቀ፤ ሳቁ ሳያልቅ እንባው ቀደመው። ብረት ያጠቆረውን አውራ ጣቱን ቢያስጠጋ ትንሿ እጅ ጭምድድ አድርጋ ያዘችው። በዚህ መሃል ስልኩ ጮኸ።

«እማ፣ ስሚኝ። ወንድ ይሁን ሴት ገና አልታወቀም። ሐኪሞቹም ጠብቁ ነው የሚሉት።»

 ከእናቱ ኋላ የጎረቤቶች ሳቅና የወንበር መጎተት ይሰማል።

«እኔ እኮ ወንድ ነው ብያቸዋለሁ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ስትዘጋብኝ ጊዜ ደስታ አፉን ይዞት ነው ብዬ! ቤቱ ሰው ሞልቷል። በቃ፣ ወንድ ነው። ማን ገልጦ ያያል?»

«እማ፣ እንደሱ አይደለም...»

«አታዋርደኝ፣ ልጄ።»

አሁን የዘጋችው እሷ ናት።

ሚስቱ ሁሉንም ሰምታለች። «ወንድ ነው ብትላት ለዛሬ ትገላገላለህ» አለች። «ውሸቱን የምናሸክመው ግን እሳቸውን ነው።»

«እናቴን ባጣትስ?»

«እኔ እንጃ» አለችና እጁን ያዘች። አታጣትም ብላ ልታባብለው አልሞከረችም፤ ለዚህ ለዚህ ነው የሚወዳት።

መስኮቱ ጋ ሄዶ ጻፈ። አጠፋ። ደግሞ ጻፈ።

«እማዬ፣ ወንድ ነው አትበዪ። ሴት ናትም አትበዪ። ልጃችን ጤነኛ ነው፤ ሌላውን ጊዜው ሲደርስ ራሱ ይነግረናል። ለጎረቤቶቹ መናገር ከከበደሽ እኔ መጥቼ እነግራቸዋለሁ። ግንባሩ ቁርጥ ያንቺ ነው። ነይና እቀፊው።»

ፎቶ ጨምሮ ላከው። መነበቡን የሚያሳየው ምልክት ወዲያው በራ። መልስ ግን በዚያ ቀንም፣ ከዚያም በኋላ አልመጣም።